ጎሚኒ ከመቀየራችሁ በፊት አሮጌውን አገላብጣችሁ እዩት

የላሜራ ማጠፊያ፣ የመቁረጫና የፕሬስ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራውን፣ መፍታትና መግጠም የዘወትር ሥራዬ ነው። ዘይት አንጠባጠበ ተብዬ ስጠራ ገና ከበር የምሰማው ነገር አንድ ነው፤ «ጎሚኒው አልቋል፣ ቀይርልን»። እሺ፣ አልቋል። ማን ጨረሰው ግን? ጎሚኒ ወይም ሲል የምንለው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ቀለበት፣ ዕድሜውን ጠግቦ የሚያልቀው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ነገር አለ። ያ ነገር ሳይገኝ አዲስ ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ ያው ማሽን፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ጠብታ ነው። ይህን የምጽፈው ማሽኑን በእጃቸው ለሚይዙና ለሚጠግኑ ሰዎች ነው።

እነዚህ ማሽኖች ላይ ያለው ሲሊንደር ገልባጭ መኪና ወይም ኤክስካቫተር ላይ ከምናየው ለየት ይላል። ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ማጠፊያ ላይ ከ250 እስከ 300 ባር መድረሱ የተለመደ ነው። ጉዞው አጭር ነው፤ ጉልበት የሚጠየቀውም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ መጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ላይ ነው። በብዙዎቹ ማጠፊያዎች ዘንጉ፣ ከፒስተኑ ጋር ተያይዞ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ብረት፣ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፣ ከሥሩ ደግሞ ምላጩን ይዞ የሚወርደው ከባድ ብረት አለ፣ ራሙ ማለቴ ነው። እና ሲሊንደሮቹ ሁለት ናቸው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልወረዱ የታጠፈው ላሜራ አንዱ ጫፍ ላይ 90 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ላይ 92 ሆኖ ይወጣል።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ቫልቭ የሚነካካው። ውስጡ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ስፋት 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 250 ባር ሲገባበት ወደ 80 ቶን ይገፋል። ማጠፊያ ላይ ደግሞ ዘንጉ በጣም ወፍራም ነው። 190 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በዘንጉ ዙሪያ፣ ከፒስተኑ በታች የሚቀረው ቀለበት ቅርጽ ያለው ስፋት 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከላይኛው አንድ አሥረኛ። አሁን ከላይ 250 ባር እየገባ ከታች ያለው ዘይት መውጫ ቢያጣስ? ራሙ ሥር የሚገፋ ነገር ከሌለ፣ በስሌቱ መሠረት የታችኛው ግፊት ከ2,500 ባር ያልፋል። ይህን የሚችል ጎሚኒም፣ ቱቦም፣ ቡሎንም የለም። ስለዚህ ከታች በኩል ያለው ግፊት ማስለቀቂያ ቫልቭ ላይ ያለውን ቡሎን «ራሙ ትንሽ ስለሚንሸራተት ጠበቅ ላድርገው» ብሎ የሚያዞር ሰው ሳይ እጁን ነው የምይዘው። ሰርቶ ካጠፋው በኋላ ተጠርቼም አውቃለሁ፤ የሲሊንደሩ ክዳን ቡሎኖች ተለጥጠው፣ ጎሚኒው በክፍተቱ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጨምቆ ወጥቶ ነው ያገኘሁት።

ወደ መፍታት ከመሄዴ በፊት ስለ ደኅንነት ትንሽ፣ ግን በቁም ነገር። ራሙ ታችኛው ምላጭ ላይ ወይም ክብደቱን በሚችል የብረት ድጋፍ ላይ ካላረፈ አንድም ቡሎን አይላላም። ራሙን አንጠልጥሎ የያዘው ያ የምትፈቱት መስመር ውስጥ ያለ ዘይት ነው፤ እሱ ሲወጣ ራሙ ይመጣል። መብራቱን ከዋናው ማብሪያ አጥፉ፣ ቆልፉት፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ፓምፑ ቆመ ማለት ግፊቱ ጠፋ ማለት አይደለም። አኩሙሌተር፣ ማለትም ዘይት በግፊት የሚያከማች ዕቃ፣ ያለው ማሽን ከሆነ እሱም መተንፈስ አለበት፣ ግፊት መለኪያው ማኖሜትር ዜሮ ማሳየት አለበት፣ ከዚያም በኋላ መጋጠሚያውን ቀስ ብሎ፣ ፊትን አዙሮ ነው የሚላላው።

ሌላው፣ በእጅ ፍሳሽ መፈለግ የሚባል ነገር ይቅር። ከቀጭን ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ከውጭ ሲታይ የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ሁሉ ይችላል። ውስጡ ግን ሥጋውን ያበላሻል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ጣት ወይም እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን ወይም ወረቀት አስጠግታችሁ እዩ። ሰው ከተወጋ ደግሞ «ትንሽ ነገር ናት» ሳትሉ ወደ ሐኪም ቤት፣ ሲደርስም «የሃይድሮሊክ ዘይት ነው የገባው» ብሎ ይናገር፤ ሐኪሙ ተራ ቁስል እንዳይመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መጀመሪያ የሚፈሰው ምኑ እንደሆነ ይታወቅ። ሲሊንደሩን፣ ዘንጉን፣ ቱቦዎቹን ሁሉ በጨርቅ አጽድታችሁ ጥቂት ጊዜ አሠሩት፣ ከዚያ ተመልከቱ። ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ፊልም መኖሩ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ጎሚኒው በሱ ነው የሚኖረው፣ ደረቅ ዘንግ ጎሚኒ ይበላል። ጠብታ ሲሠራ፣ ወይም ቀለበት ሆኖ ሲጠራቀም ነው ችግር። ዘይቱ በዘንጉና በክዳኑ መሃል ከመጣ የዘንጉ ጎሚኒ ነው። በክዳኑና በሲሊንደሩ አካል መሃል ከመጣ የማይንቀሳቀሰው ኦሪንግ፣ ክብ የጎማ ቀለበቱ፣ ወይም የላላ ቡሎን ነው። ከላይ ከቱቦ መጋጠሚያ ወርዶ በክዳኑ ዙሪያ የሚንጠባጠብም አለ፤ እሱን ያላጣራ ሰው ጤነኛ ሲሊንደር ፈቶ ያገኘዋል።

የውስጥ ፍሳሽ ይከብዳል፣ አይታይማ። ምልክቱ ራሙ ቆሞ ሳለ ቀስ እያለ መውረዱ፣ ጉልበት መቀነሱ፣ ዘይቱ ያለ ወትሮው መጋሉ ነው። ታዲያ ሦስቱንም ሌላ ነገር ሊያመጣቸው ይችላል። ራሙ ከወረደ ጥፋተኛው የፒስተኑ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ራሙን ይዞ የሚያቆመው ቫልቭ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል። እኔ እንዲህ ነው የምለየው፤ ራሙን መሃል ላይ አቁሜ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ በግራም በቀኝም ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ፣ አስጠግቼ፣ ማንም ሥሩ ሳይገባ ከርቀት የቱ ወገን እንደሚወርድ አያለሁ። የማሽኑ መመሪያ ስንት እንደሚፈቀድ ይናገራል፣ ትንሽ መውረድ ያለ ነው። ከዚያ ራሙን ድጋፍ ላይ አስቀምጬ የግራውንና የቀኙን መያዣ ቫልቭ ቦታ አለዋውጣለሁ። ችግሩ ከቫልቩ ጋር ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ሲሊንደሩ ንጹሕ ነው። እዚያው ከቀረ ግን ሲሊንደሩን ለመፍታት ምክንያት አገኘሁ ማለት ነው። ሁለት መንትያ ሲሊንደር መኖሩ ለጠጋኝ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም።

የማጠፊያ ማዕዘን ግራና ቀኝ ተለያየ ሲባልም ቶሎ ወደ ሲሊንደር አትሂዱ። ሲኤንሲ ማጠፊያ ላይ ራሙ የት እንዳለ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት በጎንና በጎን ያሉት የመለኪያ ስኬሎች ናቸው። የስኬሉ መያዣ ብሎን ከላላ፣ ወይም ንባቡ ላይ ዘይትና ብናኝ ከተለጠፈ፣ ሲሊንደሩ የታዘዘውን በትክክል እየሠራ ውጤቱ ይበላሻል።

እሺ፣ ሲሊንደሩ ይፈታ ተባለ እንበል። እዚህ ላይ ነው አሮጌው ጎሚኒ የሚጠቅመው። በካቻቪቴ ጎልጉሎ አውጥቶ ቆሻሻ ውስጥ መጣል የለመደ ሰው ሁሉንም መረጃ ነው አብሮ የሚጥለው። እኔ ቀስ ብዬ አውጥቼ፣ ሳላጥበው፣ የትኛው ጎኑ ወደ ማሽኑ ፊት እንደነበረ ምልክት አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ከንፈሩ፣ ማለትም ዘንጉን የሚነካው ስስ ጠርዙ፣ ደርቆ፣ አንጸባርቆ፣ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ሙቀት ነው የገደለው። ዘይቱ ለምን እንደጋለ መፈለግ አለበት፤ የማቀዝቀዣው ክንፍ በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም አንድ ግፊት ማስለቀቂያ ቫልቭ ሳይታወቅ ዘይት እያሳለፈ ነው። አብጦ ከለሰለሰ ከዘይቱ ጋር አልተስማማም። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ለምሳሌ የማዕድን ዘይት ውስጥ ከገባ ያብጣል፣ ቅርጹም ይጠፋል፤ በመልክ ዘይት ከሚስማማው ከናይትራይል ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሆኑ ኦሪንግ ከሳጥን አንስቶ መግጠም አደጋ አለው። በቤንዚን የተዘፈዘፈ ጎሚኒም ያብጣል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ መሰል ጎማ ሆኖ እየተፈረፈረ፣ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ ውሃ ነው፤ ትኩስ ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ ፖሊዩሬቴንን ይሰባብረዋል።

ጀርባውን እዩ፣ ማለትም ግፊት የሌለበትን ጎን። እዚያ ጋ ጠርዙ አይጥ የነከሰው መስሎ ከተቆራረጠ ጎሚኒው በክፍተት ውስጥ ተጨምቆ ወጥቷል ማለት ነው። ወይ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ነበር፣ ወይ ዘንጉን መሃል ላይ የሚይዘው መሪ ቀለበት ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። መሪ ቀለበቱን ትቶ ጎሚኒውን ብቻ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከንፈሩ ላይ በርዝመቱ ጭረት ካለ ዘንጉን ወይም ዘይቱን ጠርጥሩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርት ያለ ቁርጥ ካለ ያ በሥራ ላይ የመጣ አይደለም፤ ሲገጠም በዘንጉ ጫፍ የቡሎን ጥርስ ወይም በቀዳዳ ጠርዝ ላይ ተቆርጧል። ጠርዙ ጠቁሮ፣ ተቃጥሎ፣ ቁራጭ ከጎደለው ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ነበር። አየር በድንገት ሲታመቅ ይግላል፣ ከዘይቱ ጭጋግ ጋር ሆኖ እንደ ናፍጣ ሞተር ይፈነዳል። ሰው ይህን አያምነኝም፣ የተቃጠለውን ጎሚኒ እስካሳየው ድረስ።

በአንድ ወገን ብቻ የተበላው ግን ለኔ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የነበረ ማጠፊያ የግራ ሲሊንደሩ ብቻ ጎሚኒ ይበላ ነበር። ከኔ በፊት የመጡት ሁሉ ጎሚኒ ቀይረው ሄደዋል። እኔ ያየሁት መሪ ቀለበቱ ከውጭ በኩል እስኪሳሳ ተበልቶ፣ ከውስጥ በኩል አዲስ እንደሆነ ነው። ዘንጉ እየተገፋ ያለው ወደ ጎን ነው ማለት ነው። ሠራተኞቹን ስጠይቅ አጫጭር ወፍራም ላሜራዎችን ሁልጊዜ በማሽኑ ግራ ጫፍ ላይ ነው የሚያጥፉት፤ ለነሱ ለማስገባት ይቀላላ። ራሙ በሙሉ ጭነት አንድ ወገን ላይ ሲያዘነብል፣ የራሙ መሪ ሐዲዶችም ስለላሉ፣ ጭነቱ በዘንጉ በኩል ወደ ሲሊንደሩ አፍ ይመጣል። ሐዲዱን አስተካክለን፣ አጫጭሩ ሥራ ወደ መሃል መጣ፣ በቃ። የማሽን መመሪያዎች መሃል ላይ ያልሆነ ጭነት ላይ ገደብ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

ዘንጉ። ጥፍራችሁን በዘንጉ ርዝመት ላይ ቀስ ብላችሁ አሂዱ፤ ጥፍር የያዘው ጭረት ጎሚኒ ይቆርጣል። ከላይ ያለው ጠንካራ ክሮም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ነው፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት ያነሰ። ቀላል ጭረት ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ400 ጀምሮ ወደ 600፣ በዘይት ማለስለስ ይቻላል። ግን በዘንጉ ዙሪያ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም። በርዝመት የተሳበ መስመር ለዘይቱ የተጠረገ መንገድ ይሆንለታል። እንደ መስታወት እስኪያበራ መወልወልም አያስፈልግም፤ በጣም የለሰለሰ ዘንግ ዘይት አይዝም፣ ጎሚኒውም በደረቁ ይፈጋል። ክሮሙ ካለፈ ግን ማታለል የለም፤ ብረቱ ከሥር ይዝጋል፣ ዝገቱ ክሮሙን እያነሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ ተገፍፎ እንደገና ክሮም ይቀባል። ቀጥ ማለቱንም በቪ ብሎክ፣ ቪ ቅርጽ ባለው ማስቀመጫ ብረት፣ ላይ እያዞራችሁ በዳያል ጌጅ እዩ።

ዘንግ የሚቧጭረው ከየት ይመጣል? በትኩሱ ከተዳመጠ ላሜራ ላይ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት አንዱ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ስለታም ነው። ሌላው የግራይንደር ብናኝ። ሦስተኛው የብየዳ ብልጭታ፤ ዘንጉ ላይ አርፎ ይጣበቃል፣ ዘንጉ ሲገባ ጎሚኒውን ይቧጭራል። ማሽኑ ላይ ወይም አጠገቡ ብየዳ ካለ ዘንጉን ሸፍኑት፤ የብየዳውን መሬት ገመድ ደግሞ ከሚበየደው ብረት ራሱ ጋር አያይዙት። መሬቱ ማሽኑ ሌላ ጫፍ ላይ ከታሠረ ከረንቱ በዘንጉና በመሪው መሃል ሊያልፍ ይችላል፣ ክሮሙ ላይም ነጠብጣብ ጉድጓድ ይተዋል። ያን ነጠብጣብ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም።

የሲሊንደሩን ውስጥ ስትለኩ አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ከላይ፣ ከመሃል፣ በተለይ ደግሞ ፒስተኑ ጭነት በሚሸከምበት ቦታ፣ በሁለት አቅጣጫ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ሥራው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ የሚበላውም እዚያው ነው። ላይኛው ክፍል አዲስ መስሎ ሳለ የሥራ ቦታው ሊሰፋ ይችላል። ከሰፋ አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፤ ሆኒንግ ተደርጎ፣ ማለትም ውስጡ በመሞረጃ ድንጋይ ተስተካክሎ፣ ለአዲሱ ልክ የሚሆን ጎሚኒ ይፈለግለታል። ከሆኒንግ በኋላ ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማጠብ ነው፣ የድንጋዩ ብናኝ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

አዲስ ጎሚኒ ስታዙ አሮጌውን ለክታችሁ አትዘዙ። አሮጌው ተለጥጧል፣ ተጨምቋል፣ አብጧል። የሚለካው ዘንጉ፣ የሲሊንደሩ ውስጥና ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ነው፤ ጥልቀቱም ስፋቱም። ኢንችና ሚሊ ሜትርም ያጭበረብራል። 2 ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ50 ጎሚኒ «ትንሽ ሲጠብቅ ይሻላል» ተብሎ ሲገባበት ዘይት መያዙን ትቶ መቀደድ ይጀምራል።

ስትገጥሙ የከንፈሩ አቅጣጫ ወደ ግፊቱ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ተገልብጦ የተገጠመ ስንቱን አግኝቻለሁ። ጎሚኒው የሚሠራው ዘይቱ ራሱ ከንፈሩን ከፍቶ ከዘንጉ ጋር ሲያጣብቀው ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር አጥብቆ ይይዛል። ጆሴፍ ብራማህ በ1795 የሃይድሮሊክ ፕሬስ ፓተንት ሲያወጣ ትልቁ ፈተና ይኸው ፍሳሽ ነበር፤ በግፊቱ ራሱ የሚጠብቅ የቆዳ ቀለበት ማሰቡም ለሠራተኛው ለሄንሪ ሞድስሌይ ነው የሚሰጠው። ቆዳው ቀርቶ ፖሊዩሬቴን መጣ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

የዘንጉን ጥርስና ስለታም ጠርዞችን በቴፕ ሸፍኑ። ጎሚኒውን በንጹሕ ዘይት አርሱት፣ ግሪስ ካስፈለገም ትንሽ። ክዳኑ ውስጥ የሚገባውን በእጅ የኩላሊት ቅርጽ አድርጎ አጥፎ ማስገባት ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ አልታጠፍ ካለ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ካቻቪቴ እዚህ ቦታ የለውም፣ ካስገደደ ጫፉ የተድበለበለ ፕላስቲክ ወይም እንጨት። የቴፍሎን ቀለበት ያለው ፒስተን ከሆነ ቀለበቱ በትኩስ ዘይት ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ቦይው ውስጥ ከገባ በኋላ መልሶ ወደ ልኩ መጨመቅ አለበት፤ እንደተለጠጠ ሲሊንደር ውስጥ ቢገፋ ይላጣል። የተሰነጠቀ መሪ ቀለበት ሁለት ከሆነ ስንጥቆቹ በአንድ መስመር አይሁኑ። አቧራ ጠራጊውን ዋይፐርም አብሮ መቀየር ነው፤ ርካሹ እሱ ነው፣ ቆሻሻ የሚከለክለውም እሱ ነው። የክዳኑ ቡሎኖች በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ፣ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ። የተሰበረ ቡሎን ከተተካ የጥንካሬ ደረጃው፣ ራሱ ላይ የተጻፈው 10.9 ይሁን 12.9፣ ከነበረው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ማስነሳት ላይ ሰው ይቸኩላል። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር አለ፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ግፊት፣ ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ጉዞውን ደጋግሞ ይውጣ ይውረድ። ጭነት አትስጡት። ታንኩ ውስጥ አረፋ ካለ ቆማችሁ ጠብቁ። ዘይቱ ነጣ ካለ አየር ይሁን ውሃ ለመለየት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ አየር ከሆነ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል፣ ውሃ ከሆነ ደፍርሶ ይቆያል። የጠረጠራችሁትን ዘይት አንዲት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ብታደርጉ ውሃ ካለው ይንጫጫል፣ የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ብቻ።

ስለ ዘይት ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ባጭሩ። አብዛኞቹ ማሽኖች አይኤስኦ ቪጂ 46 የሚባለውን የዘይት ውፍረት ደረጃ ይጠይቃሉ፤ መመሪያው 32 ወይም 68 ካለ እሱን ስሙ። ሙቀቱ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ደስ ይላል፤ 60 ሲያልፍ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ከ80 በላይ ዘይቱም ጎሚኒውም ዕድሜያቸው ያጥራል። «ዘይቱ እኮ ጥርት ያለ ነው» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው፣ ዓይን የሚያየው ከ40 ማይክሮን አካባቢ ጀምሮ ነው፣ የዘይቱን ፍሰት በልኩ የሚቆጣጠረው ፕሮፖርሽናል ቫልቭ ውስጥ ያለው ክፍተት ግን ጥቂት ማይክሮን ነው። ዘይት ውስጥ ያለውን የቆሻሻ ብዛት በሚያሳየው በአይኤስኦ 4406 መለኪያ እንዲህ ላለው ቫልቭ 18/16/13 አካባቢ ነው የሚፈለገው፤ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ቆሻሻው እጥፍ ይሆናል። አዲስ በርሜል ዘይት ራሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም፣ ስለዚህ በማጣሪያ ፓምፕ አድርጉት። ክፍት ባልዲ ይዞ በታንኩ አናት የሚሞላ ሰው ማሽኑን እየመረዘ ነው።

ሁሉም የሚረሳት አንዲት ነገር ደግሞ የታንኩ መተንፈሻ ማጣሪያ ናት። ራሙ በወጣና በወረደ ቁጥር የዘይቱ ከፍታ ይለዋወጣል፣ ታንኩም የወርክሾፑን አየር ይስባል። ግራይንደር በሚሠራበት ቤት ውስጥ ያ አየር ምን እንደያዘ መገመት ነው። መተንፈሻዋ ከጠፋች፣ ወይም በጨርቅ ከተደፈነች፣ ቀድማችሁ እሷን ግዙ።

ሲሊንደሩ ተገጥሞ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ፣ ራሙን ድጋፍ ላይ አሳርፋችሁ ግፊቱን ካስወጣችሁ በኋላ፣ የክዳኑንና ሲሊንደሩን ከማሽኑ አካል ጋር የያዙትን ቡሎኖች ቶርክ እንደገና እዩ። ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጥቁር ጎማ መሰል ነገር ጨርቁ ላይ ከቀረ ጎሚኒው እየተፋቀ ነው፣ ብረት ካብረቀረቀ መሪው እየነካ ነው። ትርፍ ጎሚኒ የምታስቀምጡ ከሆነ ከፀሐይና ከሙቀት ራቅ አድርጋችሁ፣ ከነማሸጊያው፣ ተኝቶ። ምስማር ላይ አትስቀሉት፤ የተሰቀለበት ቦታ ላይ ይጎብጣል፣ ስትገጥሙት ዘይት የሚያወጣውም በዚያው ቦታ ነው።